ትንሽ ግን ምርጥ ኪቦርድ፦ ኮድ ለሚጽፍና አማርኛ ለሚጽፍ ሰው የአመራረጥ መመሪያ

ጠረጴዛዬ ስለጠበበኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትንሽ ኪቦርድ ገዛሁ። ያለው 61 ቁልፍ ብቻ ነው። ሲያዩት ያምራል፣ ሲነኩት ደስ ይላል። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከፈትኩ። አንዲት የተሳሳተች ፊደል ላርም ወደ ኋላ ልመለስ ስል የቀስት ቁልፍ የለም። ለእያንዳንዷ እርምጃ ሁለት ቁልፍ አጣምሬ መጫን ነበረብኝ። ሦስት ሳምንት ታገልኩ፤ እጄ አልለምድ አለ። በመጨረሻ ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት። እሱ ፕሮግራመር ነው፣ ኮድ የሚጽፈው በቪም ነው፤ ቪም ያለ ማውዝ በፊደል ቁልፎች የሚታዘዝ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ነው። ይኸው እስከዛሬ ከጠረጴዛው አልተነሳም።

ዕቃው ያው ነው። የተለያየው የእኔና የእሱ እጅ ልማድ ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጀምረው ከኪቦርዱ ሳይሆን ከእጃችሁ ነው። ጥሩ ኪቦርድ ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ ገንዘቡም የሚያም ነው። ከመግዛት በፊት አንድ ሳምንት መታገስ ያዋጣል።

1. አንድ ሳምንት ጣቶቻችሁን ታዘቡ

አሁን በምትጠቀሙበት ኪቦርድ አጠገብ አንድ ወረቀት አስቀምጡ። ከፊደሎቹ ውጪ የምትነኩትን ቁልፍ ሁሉ ጻፉ። በነካችሁት ቁጥር ከስሙ ጎን ጭረት ጨምሩ። ሁሉንም መቁጠር አይጠበቅባችሁም። በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል።

ፕሮግራመር ከሆናችሁ በተለይ የላይኛውን ረድፍ ተከታተሉ። በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ስህተት ስትፈልጉ ኤፍ 5፣ ኤፍ 10 እና ኤፍ 11 ደጋግማችሁ ትጫናላችሁ። ከታብ በላይ ያለችውን የባክቲክ (`) ቁልፍም አትርሷት። ጃቫስክሪፕት ወይም ማርክዳውን የሚጽፍ ሰው ያለሷ አይውልም። ሊኑክስ ላይ ወደ ቤት ፎልደር የምታስገባው ጥምዝ ምልክትም እዚያው ቁልፍ ላይ ነው ያለችው። በብዙ ትናንሽ ኪቦርዶች ይህቺ ቁልፍ ቦታዋን ለኤስኬፕ ትለቃለች። ያኔ ባክቲክ ለመጻፍ ሌላ ቁልፍ አብሮ መያዝ ግድ ይሆናል።

ጸሐፊ ከሆናችሁ ደግሞ የቀስት ቁልፎቹን፣ ሆምን፣ ኤንድን እና ዲሊትን ቁጠሩ። ኮንትሮልና ቀስት አንድ ላይ ተጭኖ በቃል በቃል የመዝለል ልማድ ያለው ሰው አለ። ሺፍት ጨምሮ ቃሉን መርጦ የሚያጠፋም አለ። ይህን የምታደርጉ ከሆነ የቀስት ቁልፍ ለእናንተ ቅንጦት አይደለም።

በሳምንቱ መጨረሻ ወረቀቱን እዩት። ብዙ ጭረት ያለባቸው ቁልፎች በምትገዙት ኪቦርድ ላይ ለብቻቸው መኖር አለባቸው። ምንም ጭረት የሌለባቸው ቢቀሩም አትናፍቋቸውም። የቀኝ ጎኑ የቁጥር ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ወገን ነው። ሒሳብ የምትሠሩ ከሆነ ግን የቁጥር ሰሌዳ ለብቻው ተገዝቶ በግራ በኩል ሊቀመጥ ይችላል። እንዲያውም የተሻለ ነው፤ ቀኝ እጅ ለማውዝ ነፃ ይሆናል።

2. ልኩን ምረጡ

ሙሉ ኪቦርድ በአሜሪካው አሠራር 104 ቁልፍ አለው። የቁጥር ሰሌዳው ሲነሳ 87 ይቀራል። ከዚያ በታች ያሉት በመቶኛ ይጠራሉ። 75 በመቶ የሚባለው 84 ገደማ ቁልፍ አለው። የኤፍ ረድፉም ቀስቶቹም አሉ፤ ነገር ግን ሁሉም ተጠጋግተዋል። 65 በመቶ የሚባለው የኤፍ ረድፉን ይተዋል፣ ቀስቶቹን ያስቀራል። ቁልፉም 68 አካባቢ ነው። 60 በመቶው ቀስቶቹንም ይተዋል። 61 ቁልፍ ይዞ ይቀራል። ከዚያም ያነሰ፣ የቁጥር ረድፍ እንኳ የሌለው አለ። እሱን ለጀማሪ አልመክርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ትንሽ ኪቦርድ ማለት እያንዳንዱ ቁልፍ በስፋቱ ያነሰ ማለት አይደለም። በደንብ በተሠራ ኪቦርድ ከአንዱ ቁልፍ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል ያለው ርቀት 19 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በትልቁም በትንሹም። የሚቀንሰው የቁልፎቹ ብዛት ነው። የቁልፎቹን ስፋት ራሱን ያጠበበ ኪቦርድ ካጋጠማችሁ እለፉት። እጃችሁ ሌላ ኪቦርድ ላይ ሲመለስ ይደናገራል።

ትንሽነት ምን ይጠቅማል? ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ትከሻዬ ነው። ሙሉ ኪቦርድ ሲኖረኝ ማውዙ ሩቅ ነበር። ቀኝ ክንዴ ቀኑን ሙሉ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ይውላል። የቁጥር ሰሌዳው ሲነሳ ማውዙ ወደ አካሌ ቀረበ። የፊደል ክፍሉም ከስክሪኑ መሐል ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ቦርሳ ውስጥ መግባቱ ሁለተኛ ጥቅም ነው።

ምርጫውን በግልጽ ልናገር። የኤፍ ቁልፎችን በየቀኑ የምትነኩ ፕሮግራመሮች 75 በመቶውን ያዙ። ጸሐፊዎች፣ ተርጓሚዎች፣ ጋዜጠኞች 65 በመቶው ይበቃችኋል። ለአብዛኛው ሰው ይህ ልክ ትንሽነቱም ምቾቱም የተገናኙበት ነው ብዬ አምናለሁ። 60 በመቶው የቪም እና የኢማክስ (ይህም የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ነው) ሰዎች ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የቪም አባት የሆነውን ቪአይ የተባለ ፕሮግራም ፕሮግራመሩ ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 የጻፈው ኤዲኤም-3ኤ በሚባል ተርሚናል ላይ ነው። ያ ተርሚናል የቀስት ምልክቶቹን ያተመው ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል ላይ ነበር። ስለዚህ ቪም የለመደ እጅ ቀስት ፍለጋ ከመሐል ረድፍ አይነሳም። የእህቴ ልጅ ቀስቶቹ መጥፋታቸውን ልብ ያላለው ለዚህ ነው።

3. አማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ሺፍትን መርምሩ

ይህን ክፍል ሌላ ቦታ አታገኙትም ብዬ ስለማስብ ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ አንድ ስጋት እናስወግድ። የአማርኛ ፊደል የታተመበት ኪቦርድ መፈለግ አያስፈልግም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ ኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። እንደ ኪማንና ፓወር ግዕዝ ያለ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የእንግሊዝኛውን ፊደል በድምፁ ተቀብሎ ወደ አማርኛ ሲለውጥ ሥራው ያለው ሶፍትዌሩ ላይ ነው። ኪቦርዱ ተራ የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ነው።

አጻጻፉ ግን በጣታችን ላይ የራሱን ጫና ያመጣል። ሳድስ ፊደል በአንድ ንክኪ ይወጣል። ሌሎቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ንክኪ ይፈልጋሉ። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ ጣታችን ግን አምስት ጊዜ ይነካል። ከዚህም በላይ ጠንካራ ድምፆቻችን ብዙውን ጊዜ ሺፍት ይፈልጋሉ። ጠ ለመጻፍ ትልቁ ቲ፣ ጨ ለመጻፍ ትልቁ ሲ፣ ኘ ለመጻፍ ትልቁ ኤን፣ ጰ ለመጻፍ ትልቁ ፒ። እንግሊዝኛ ጸሐፊ ሺፍትን የሚነካው አረፍተ ነገር ሲጀምርና ስም ሲጠራ ነው። እኛ በቃል መሐል እንነካዋለን። «ጥያቄ»፣ «ጨረታ»፣ «መገኘት» እያልን ስንጽፍ ትንሿ ጣታችን እረፍት የላትም።

አሁን ትናንሽ ኪቦርዶችን ተመልከቱ። ቦታ ሲጠብባቸው ከሚያሳጥሩት ቁልፍ አንዱ ቀኙ ሺፍት ነው። የላይ ቀስቱን ለማስገባት ቀኙ ሺፍት ይቆረጣል። በአሥር ጣት በሥርዓቱ የሚጽፍ ሰው ደግሞ በግራ እጅ የሚነኩትን ቲ እና ሲን ትልቅ የሚያደርገው በቀኙ ሺፍት ነው። ጠ እና ጨ የሚወጡት በዚያ በተቆረጠው ቁልፍ ነው ማለት ነው።

በደኅና 65 እና 75 በመቶ ኪቦርድ ላይ ቀኙ ሺፍት ቢያጥርም ከአንድ ፊደል ቁልፍ ሰፋ ብሎ ይቀራል። ያ ይበቃል። አደገኛው 64 ቁልፍ ያለው ዓይነት ነው። እሱ በ60 በመቶ ልክ ውስጥ ቀስቶቹን ለማስገባት ሲል ቀኙን ሺፍት የአንድ ፊደል ያህል ያደርገዋል። ጠ ልትሉ ስትነኩ የላይ ቀስቱ ይነካና ከርሰሩ መስመር ይዘላል። የአማርኛ ጸሐፊ ከሆናችሁ ይህን ዓይነት አትግዙ። የኪቦርዱን ፎቶ አጉልታችሁ ቀኙን ሺፍት ከኤንተር ጋር አወዳድሩት።

ግራው ሺፍትም የራሱ ጉዳይ አለው። ኪቦርድ ሁለት ዋና አሠራር አለው፤ የአሜሪካውና የአውሮፓው። በአውሮፓው ኤንተር ቁመቱ ረዝሞ ሁለት ረድፍ ይይዛል። ግራው ሺፍት ደግሞ ያጥርና ከጎኑ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ይገባል። ኘ እና ጰ የሚወጡት በግራው ሺፍት ነው። የአሜሪካውን የለመደ እጅ ይህን ተጨማሪ ቁልፍ ደጋግሞ ይነካዋል።

ዕቃውን ዘመድ ከውጭ የሚልክላችሁ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ንገሩት። ከጀርመን የሚመጣ ኪቦርድ ዋይ እና ዜድ ተቀያይረው ታትመውበታል። ከፈረንሳይ የሚመጣው ደግሞ ኤ እና ኪው ቦታ ይለዋወጣሉ። ኮምፒውተራችሁን በአሜሪካው አሠራር ብታስተካክሉት ቁልፎቹ በትክክል ይሠራሉ፤ ጽሑፉ ግን ከሚወጣው ጋር አይገጥምም። ሳያይ የሚጽፍ ሰው ግድ አይሰጠውም። እያየ የሚጽፍ ሰው ግን ይሰቃያል። ስለዚህ ከላኪው ጋር ስትነጋገሩ «የአሜሪካ አሠራር፣ ኤንተሩ ጠፍጣፋ የሆነ» በሉት። ፎቶ ላኩለት።

ሌላው አራት ነጥብ ነው። በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች አራት ነጥብ የሚወጣው ኮለንን ሁለት ጊዜ በመንካት ነው። ኮለን ከኤል ቀጥሎ ያለው ቁልፍ ላይ፣ በሺፍት ነው የሚወጣው። ቁልፉ በሁሉም ልክ ላይ ስላለ አትጨነቁ። ያም ሆኖ አጭር አረፍተ ነገር የምትወዱ ከሆነ ትንሿ ጣት በዚህም በኩል ሥራ ይበዛባታል። ቀጥዬ የማነሳው የቁልፍ ክብደት ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው።

4. የቁልፉን ስሜት በእጃችሁ ለዩ

ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ስዊች አለ። በሜካኒካል ኪቦርድ ስዊቹ ውስጥ ሞላ አለ። ቁልፉ ወደ ታች የሚሄደው ብዙውን ጊዜ 4 ሚሊሜትር ነው። ፊደሉ የሚመዘገበው ግን 2 ሚሊሜትር ላይ ነው፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ። ይህን ያወቀ ሰው ቁልፉን እስከ ታች አይደበድብም። ጣቱ ይቀላል።

ሦስት ዓይነት ስሜት አለ። አንደኛው ለስላሳው ነው። ከላይ እስከ ታች ያለ እንቅፋት ይወርዳል። ቼሪ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ቀዩ ብሎ የሚጠራው ስዊች የዚህ ምሳሌ ነው፤ ወደ 45 ግራም ግፊት ይፈልጋል። ሁለተኛው እብጠት ያለው ነው። መሐል ላይ ጣታችሁን «ተመዝግቧል» የምትል ትንሽ ጉብታ አለችው። የቼሪ ቡናማው ይህን ይመስላል፤ 55 ግራም ገደማ ነው። ሦስተኛው የሚጮኸው ነው። ሰማያዊው ይባላል። ጉብታም አለው፣ ቀጭ የሚል ድምፅም አለው።

ሰማያዊውን ስትሞክሩት ትወዱታላችሁ። የድሮ የጽሕፈት መኪና ያስታውሳል። ነገር ግን የምትሠሩት ክፍት ቢሮ ውስጥ ወይም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሌሊት ልጆች ተኝተው ከሆነ አትግዙት። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው የእናንተን ሥራ ቀኑን ሙሉ ሊሰማ አይገባም።

ለጸሐፊ እኔ እብጠት ያለውን እመርጣለሁ። ረጅም ጽሑፍ ስትጽፉ ጣት መልስ ይፈልጋል። ያቺ ጉብታ መልሱ ናት። ቀላል እጅ ያለው፣ በፍጥነት የሚጽፍ ሰው ደግሞ ለስላሳው ይስማማዋል። ክብደቱ ላይ ግን አትጀግኑ። ከ60 ግራም በላይ የሆነ ስዊች ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ደስ ይላል። ማታ ላይ ትንሿ ጣት ታማርራለች፣ በተለይ እንደኛ ሺፍት የምታበዛ ከሆነ።

ሌላ አራተኛ መንገድ አለ። የጃፓኑ ቶፕሬ የሚሠራው ስዊች ነው። ውስጡ የላስቲክ ጉልላትና ሾጣጣ ሞላ አለው። ቁልፉ መነካቱን የሚያውቀው ብረት ከብረት ተነካክቶ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም ለውጥ ነው። ስሜቱን በቃል ለመግለጽ ይከብዳል። ጉብታው ከላይ ነው ያለው፤ ካለፈ በኋላ ጣት በልስላሴ ይወርዳል። ድምፁ ጎርነን ያለ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ ስዊቹንም በሌላ መቀየር አይቻልም። ሞክሮ የወደደው ሰው ግን ወደ ሌላ ሲመለስ አላየሁም።

ቀጫጭኖቹም አሉ። እንደ ሎጂቴክ ኤምኤክስ ኪስ ሚኒ ያሉት የላፕቶፕ ዓይነት ቁልፍ አላቸው። ጸጥ ያሉ፣ ቀላልና ለጉዞ የሚመቹ ናቸው። የላፕቶፓችሁን ቁልፍ የምትወዱ ከሆነ ሜካኒካል ካልገዛሁ ብላችሁ ራሳችሁን አታስገድዱ።

እንዴት ትሞክራላችሁ? የስዊች መሞከሪያ ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ዕቃ አለ። የተለያዩ ስዊቾችን በአንድ ላይ የያዘ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ቁልፍ መንካት አንድ ገጽ መጻፍን አይተካም። ሜካኒካል ኪቦርድ ያለው ጓደኛ ፈልጉ። ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ የራሳችሁን ጽሑፍ ጻፉበት። ይህ ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጣል።

5. ቁልፎቹን እንደ ፈቃዳችሁ ማስተካከል መቻሉን አረጋግጡ

ትንሽ ኪቦርድ ያለ ማስተካከያ ግማሽ ዕቃ ነው። የጠፉትን ቁልፎች የምታገኙት ኤፍኤን የሚባለውን ቁልፍ ይዛችሁ ሌላ ስትነኩ ነው። የትኛው ፊደል የትኛውን እንደሚተካ ራሳችሁ መወሰን አለባችሁ።

ኪውኤምኬ የሚባል በነፃ የተለቀቀ ፕሮግራም አለ። ኪቦርዱ ውስጥ ያለው አእምሮ ነው ማለት ይቻላል። ቪያ ደግሞ ያን አእምሮ በማውዝ እየነካችሁ የምታስተካክሉበት መስኮት ነው። ሁለቱን የሚደግፍ ኪቦርድ ምረጡ። ያስተካከላችሁት ነገር ኪቦርዱ ውስጥ ስለሚቀመጥ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ብትወስዱትም አብሯችሁ ይሄዳል። የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም መጫን ለተከለከለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ምን ትቀይራላችሁ? ካፕስ ሎክን። ከግራ ትንሿ ጣት አጠገብ የተቀመጠ፣ ምርጥ ቦታ የያዘ ቁልፍ ነው። ለአማርኛ ጸሐፊ ጥቅሙ ከምንም አይቆጠርም፤ በስህተት ሲነካም ፊደሉን ሁሉ ያበላሻል። በእሱ ቦታ ኮንትሮል አድርጉ። የቪም ሰው ከሆናችሁ ኤስኬፕ አድርጉት።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤይቲ ዋዳ ከፒኤፍዩ ኩባንያ ጋር ሆነው ሃፒ ሃኪንግ ኪቦርድ የተባለውን አስበው ነበር። ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የአሜሪካው ዓይነት 60 ቁልፍ ብቻ አለው። የካፕስ ሎክ ቦታ ለኮንትሮል ተሰጥቷል። ዋዳ ኮምፒውተርን ከፈረስ፣ ኪቦርድን ከኮርቻ ጋር ያመሳስሉታል። የአሜሪካ ምዕራብ ከብት ጠባቂዎች ፈረሳቸው ሲሞት በረሃ ላይ ይተዉታል፤ ኮርቻቸውን ግን ተሸክመው ይሄዳሉ። ኮርቻው የጋላቢውን አካል ለምዷልና። ኮምፒውተሬን ስቀይር ኪቦርዴን የማልቀይረው እኔም በዚሁ ምክንያት ነው።

6. አካሉንና ቆቡን እዩ

ይህን ቶሎ እንለፈው። የቁልፉ ቆብ ከሁለት ዓይነት ፕላስቲክ ይሠራል፤ ኤቢኤስ እና ፒቢቲ። ኤቢኤስ በጣት ወዝ ቶሎ ያብረቀርቃል። ፒቢቲ ሻከር ያለ ነው፣ ለረጅም ጊዜ አይለወጥም። ፒቢቲ ምረጡ። ፊደሉ ከላይ የተቀባ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ይለቃል። ሁለት ፕላስቲክ ተደራርቦ የተሠራ ወይም ቀለሙ ውስጥ ድረስ የገባ ይሻላል።

ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚነቀልና የሚተከል መሆኑን ጠይቁ። አንዱ ቁልፍ ቢበላሽ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ሆናችሁ ራሳችሁ በደቂቃ ትቀይሩታላችሁ። ጠጋኝ ፍለጋ አትዞሩም። ይህ ለእኛ አገር ከመብራትና ከጌጡ በላይ ዋጋ አለው።

የአልሙኒየም አካል ጠረጴዛ ላይ አይንሸራተትም፣ ድምፁም ያምራል። ግን ከአንድ ኪሎ ተኩል ሊበልጥ ይችላል። በየቀኑ ቦርሳ ውስጥ ለሚያዝ ፕላስቲኩ ይሻላል። ሜካኒካሎቹ ከላፕቶፕ ቁልፍ ከፍ ስለሚሉ ደግሞ የእጅ አንጓ ወደ ላይ ይታጠፋል። ከፊት የሚቀመጥ ዝቅ ያለ የእንጨት ማሳረፊያ ይህን ያስተካክላል። አናጺ ጋ ማሠራት ይቻላል።

7. ኬብል ወይስ ብሉቱዝ

ሁለቱም ያለውን ውሰዱ። ብሉቱዝ ከላፕቶፕ ወደ ስልክና ወደ ታብሌት በአንድ ንክኪ ያሻግራችኋል። ኬብሉ ደግሞ ባትሪ ሲያልቅ ያድናል። ፕሮግራመሮች አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ፣ ሲስተሙ ከመግባቱ በፊት፣ ብሉቱዝ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ያኔ ኬብል ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ መቀበያ ያስፈልጋል። የኪቦርዱ መብራት ባትሪ በጣም ይበላል። አጥፉት።

8. ገንዘቡን የት ታውሉታላችሁ

100 ዶላር አካባቢ ባለው ዋጋ የሚስተካከል፣ ስዊቹ የሚነቀል፣ ፒቢቲ ቆብ ያለው ጥሩ ኪቦርድ ይገኛል። ኪክሮን የተባለው ኪቦርድ ሠሪ ኩባንያ የፕላስቲክ ሞዴሎች እዚህ ናቸው። ወደ 200 ዶላር ሲጠጋ የአልሙኒየም አካል ታገኛላችሁ፣ እንደ ኪክሮን ኪው ተከታታይ ሞዴሎች። 300 ዶላርና ከዚያ በላይ ላይ የቶፕሬ ስዊች ያለው ሃፒ ሃኪንግ ገመድ አልባው አለ።

በእኔ ፍርድ ትልቁ ዝላይ ያለው ከተራ የቢሮ ኪቦርድ ወደ 100 ዶላሩ ስትሻገሩ ነው። ከ200 በላይ የምትከፍሉት ለስሜትና ለአሠራር ጥራት ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ያም ትርጉም አለው። ግን የመጀመሪያ ኪቦርዳችሁ ከሆነ በመካከለኛው ጀምሩ። እጃችሁ ምን እንደሚወድ ሲያውቅ ከፍ ያለውን ትገዛላችሁ።

ሰው ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነ ባትሪ ያለውን ኪቦርድ አጥፍቶ በእጅ ሻንጣው ይያዘው። ቀረጡን አስቀድሞ ይጠይቅ። ቆብ መንቀያውን፣ ስዊች መንቀያውንና ኬብሉን ከሳጥኑ ውስጥ እንዳይጥል ንገሩት።

9. በደረሰ ቀን ፈትኑት፣ ከዚያ ጊዜ ስጡት

ሳጥኑን ስትከፍቱ ባዶ ገጽ ክፈቱ። እያንዳንዱን ቁልፍ አሥር አሥር ጊዜ ንኩ። አንድ ጊዜ ተነክቶ ሁለት ፊደል የሚያወጣ ካለ ስዊቹ ችግር አለበት። ስፔስን፣ ኤንተርንና ሁለቱን ሺፍት ከዳር ከዳራቸው ንኩ። ረጃጅም ቁልፎች ከሥራቸው ሽቦ አላቸው፤ ሽቦው ካልተስተካከለ ይንቀጫቀጫሉ ወይም ይነክሳሉ። ከዚያ አንድ አንቀጽ አማርኛ ጻፉ፤ ጠ፣ ጨ እና ኘ የበዙበት ይሁን። «ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ጭጋጉ ውስጥ ተገኘ» ዓይነት። ስህተት ከበዛ የትኛው ሺፍት ላይ እንደሆነ ለዩ። መመለስ የሚቻልበት ቀን ሳያልፍ ይህን ጨርሱ።

የመጀመሪያው ሳምንት ፍጥነታችሁ ይቀንሳል። የሚያጣድፍ ሥራ ባለበት ሳምንት አትጀምሩ። የድሮውን ኪቦርድ ከጠረጴዛው ላይ አንሱት፤ አጠገባችሁ ካለ እጃችሁ ወደሱ ይሄዳል። በቀን አንድ ማስተካከያ ብቻ አድርጉ። ዛሬ ካፕስ ሎክን፣ ነገ ባክቲክን። ሁሉን በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የቱ እንደጠቀመው አያውቅም።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ያንን የጭረት ወረቀት አውጡት። እነዚያን ብዙ ጭረት የነበረባቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ንኩ። ዓይናችሁ ሳይፈልጋቸው ጣታችሁ ካገኛቸው ኪቦርዱ የእናንተ ነው። ከሦስት በላይ የሚሆኑትን አሁንም የምትፈልጓቸው ከሆነ ልኩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ፤ ያኛውን ለሚስማማው ሰው ስጡት።